የሚድዋይፈሪ ማስተርስ፦ ከሐረርና ከድሬ ዳዋ የሚነሱ አመልካቾች የሚሳሳቱባቸው ነገሮች

በሚድዋይፈሪ ሁለተኛ ዲግሪ ለመያዝ ከምሥራቅ ርቆ መሄድ ግድ የሚመስላቸው አሉ። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ ሐረር ከተማ ውስጥ ነው፤ ሕይወት ፋና ሆስፒታልም እዚያው አለ። ቁልቁል ሲወርዱ ድሬ ዳዋ ላይ ድል ጮራና ሳቢያን ሆስፒታሎች አሉ፤ የድሬ ዳዋ ዩኒቨርሲቲም አለ። ምጥና ወሊድ ለማጥናት የእናት እጥረት የለም። ሰው የሚሰናከለው ሌላ ቦታ ነው፤ አብዛኛውም ሳይቆጥሩና ሳያጣሩ መወሰን ነው።

በስም ብቻ መምረጥ

ክሊኒካል ሚድዋይፈሪ፣ የእናቶችና ሥነ ተዋልዶ ጤና ነርሲንግ፣ በሥነ ተዋልዶ ጤና የሕብረተሰብ ጤና ማስተርስ፦ ሲጠሩ ይመሳሰላሉ፤ ሲማሩት ግን ይለያያሉ። የመጀመሪያው አልጋ አጠገብ የሚያቆይ ነው፤ የመጨረሻው ወደ ቢሮ፣ ወደ ፕሮግራምና ወደ ጥናት ይወስዳል። የትምህርት ማስታወቂያ ሲወጣ ስሙን ሳይሆን የኮርስ ዝርዝሩን ጠይቁ፦ ስንት ሳምንት ክሊኒካል ልምምድ አለው? የት ሆስፒታል? ሲመረቁ በዲግሪው ላይ የሚጻፈው ቃል ምንድን ነው? የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ጤና ቢሮ የሥራ መደብ ሲያወጣ የሚያየው ያንኑ ቃል ነው።

ሌላው ተደጋጋሚ ግምት ማስተርሱ ሲያልቅ በቀዶ ሕክምና ማዋለድ ይፈቀዳል የሚለው ነው። አይፈቀድም። ያንን የሚያስተምረው የተቀናጀ ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ፕሮግራም ነው፤ ሦስት ዓመት ይፈጃል፤ መግቢያውም ፈቃዱም የተለየ ነው። ቢላ መያዝ የሚፈልግ ሰው የክሊኒካል ሚድዋይፈሪ ቅጽ ሞልቶ ሁለት ዓመት ማሳለፍ የለበትም።

ለመግቢያ ፈተናው የወሊድ መጽሐፍ ብቻ ማንበብ

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የድህረ ምረቃ አመልካች ሁሉ ብሔራዊውን መግቢያ ፈተና፣ ብዙ ሰው «ጋት» የሚለውን፣ መውሰድ አለበት። ፈተናው ስለ ማሕፀን አይጠይቅም፤ የቋንቋ፣ የቁጥርና የማገናዘብ ችሎታ ነው የሚለካው። ዓመታት በማዋለጃ ክፍል የቆየ ሰው ከክፍልፋይና ከመቶኛ ተራርቋል። ከፈተናው ሁለት ወር አስቀድሞ በየቀኑ ለግማሽ ሰዓት ሬሾና የዳታ ሠንጠረዥ ጥያቄ መሥራት፣ በመጨረሻው ሳምንት ሌሊት ከማፍጠጥ ይሻላል።

በተቃራኒው ዲፓርትመንቱ ራሱ የሚያወጣው ጽሑፍ ወይም ቃለ መጠይቅ ሲመጣ፣ ሥራውን በየቀኑ የሚሠራው ሰው በስሌት ይወድቃል። ዓይነተኛው ጥያቄ ይህ ነው፦ እጃችሁ ላይ ያለው ማግኒዚየም ሰልፌት 50 በመቶ ነው፤ ለኤክላምፕሲያ (በእርግዝና የደም ግፊት ለሚመጣ መንቀጥቀጥ) 4 ግራም በ20 በመቶ ውህድ በደም ሥር ስጡ። 50 በመቶ ማለት በ1 ሚሊ ሊትር ግማሽ ግራም ነው፤ ስለዚህ 4 ግራም ማለት 8 ሚሊ ሊትር ነው። 12 ሚሊ ሊትር ለመርፌ የሚሆን ስቴራይል ውሃ ወይም ኖርማል ሳላይን ሲጨመርበት 20 ሚሊ ሊትር የሆነ የ20 በመቶ ውህድ ይወጣል። ብዙዎች «20 ሚሊ ሊትር» የምትለውን በቃላቸው ይዘው ከ50 በመቶው 20 ሚሊ ሊትር ይስባሉ፤ ይህ 10 ግራም ነው፤ በደም ሥር ከገባ ሊገድል ይችላል። ቀጣዩን መጠን ከመስጠት በፊት የሚታዩትን ሦስቱንም አብራችሁ ያዙ፦ አተነፋፈስ በደቂቃ ቢያንስ 16፣ የጉልበት ሪፍሌክስ መኖሩ፣ ሽንት በሰዓት ቢያንስ 30 ሚሊ ሊትር። ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔት 1 ግራም ነው።

ስቱደንት ኮፒ ይዞ መምጣት

ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ የሚፈልገው ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ነው፤ እሱን የሚልከው የመጀመሪያ ዲግሪ የተማሩበት ሬጅስትራር ነው፣ በታሸገ ፖስታ፣ በቀጥታ። የወጪ መጋራት ዕዳ ያልከፈለ ሰው ደግሞ ዋናውን ዲግሪ አያገኝም፤ በቴምፖ (በጊዜያዊው የዲግሪ ማስረጃ) ብቻ ለመመዝገብ ሲሞክር ይጣበቃል። ሌላዋ ትንሽ ነገር ስም ነው፦ በትራንስክሪፕቱ «ፋጡማ»፣ በብሔራዊ መታወቂያው «ፋቱማ»፣ በሙያ ፈቃዱ «ፋጢማ» ከሆነ ማስታወቂያው ሳይወጣ አስተካክሉ። ከወጣ በኋላ ጊዜ የለም።

መሥሪያ ቤት ስፖንሰር አድርጎ ሲልክ የሚፈረመው ውል ይነበብ። ስንት ዓመት ተመልሶ ማገልገል እንደሚያስፈልግ፣ ደመወዝ ሙሉ ነው ወይስ ከፊል፣ ካልተመለሱ የሚከፈለው ስንት እንደሆነ እዚያው ተጽፏል። ከፈረሙ በኋላ የሚያነቡ ሰዎች ብዙ ናቸው።

ከዱቲ ጋር ይሄዳል ብሎ መገመት

ድሬ ዳዋ እየሠሩ ሐረር መማር ካርታ ላይ ይቻላል። ርቀቱ 50 ኪሎ ሜትር አለፍ ይላል፤ ሚኒባስም አይጠፋም። ግን መንገዱ ደንገጎን ይወጣል፤ ሌሊት ተረኛ ሆኖ ያደረ ሰው ጠዋት አቀበቱን እያንቀላፋ ወጥቶ ስታቲስቲክስ ክፍል ይገባል። የመጀመሪያውን ሴሚስተር የሚጥለው እሱ ነው፤ ባዮስታቲስቲክስና የጥናት ዘዴ የሚሰጡት ያኔ ነውና። የግድ መሥራት ካለባችሁ የቅዳሜና እሑድ ዱቲ ብቻ እንዲሰጣችሁ በደብዳቤ ተነጋገሩ፤ የቃል ስምምነት አለቃ ሲቀየር ይጠፋል። ከሩቅ የምትመጡ ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢ ሐረማያ ከተማ፣ ከሐረር 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ እንደሆነ፣ የጤና ኮሌጁ ግን ሐረር ውስጥ እንደሆነ አትርሱ። ቤት የምትከራዩት ከዚህ አንጻር ነው።

ሳይቆጥሩ ርዕስ መያዝ

ቴሲስ (የመመረቂያ ጥናት) የሚበላሸው እዚህ ነው። ተማሪው ርዕሱን ይመርጣል፤ ከዚያ የተጠኚዎቹ ብዛት «423» ነው ብሎ ይጽፋል። ይህ ቁጥር በምሥራቅም በምዕራብም ፕሮፖዛል ላይ ስለሚደጋገም ሕግ ይመስላል። የመጣው ከዚህ ነው፦ ስርጭቱ (ችግሩ ያለባቸው ሰዎች ድርሻ) 50 በመቶ ነው ተብሎ ሲገመት፣ ስህተቱ 5 በመቶ ሲሆን፣ 384 ይወጣል፤ መልስ ለማይሰጡ 10 በመቶ ሲታከል 423 ይሆናል። ስርጭቱ በእርግጥ 50 በመቶ አካባቢ ለሆነ ነገር ይሠራል።

አሁን ርዕሱ 8 በመቶ እናቶች ላይ የሚከሰት ችግር ነው እንበል። በዚያው በ5 በመቶ ስህተት ካሰላችሁ 114 ሰው ይበቃል ይላችኋል። ይህ ማታለያ ነው፤ ውጤታችሁ «ከ3 እስከ 13 በመቶ» የሚል ይሆናል፤ ምንም አልነገራችሁም። ስህተቱን ወደ 2 በመቶ ስታወርዱት 707 ይሆናል። ተጽዕኖ የሚያሳድሩትን ምክንያቶችም መፈለግ ከሆነ ዓላማው ሌላ ስሌት አለ። ከ423 ካርድ 8 በመቶው 34 እናት ነው። በሎጂስቲክ ሪግሬሽን (ምክንያቶችን አብሮ በሚመዝነው ስሌት) ለአንድ ተለዋዋጭ ቢያንስ 10 ክስተት ያስፈልጋል የሚለውን የተለመደ መለኪያ ከወሰድን፣ 34 ክስተት የሚሸከመው 3 ተለዋዋጭ ነው። ተማሪው ግን 15 ያስገባል። ከዚያ «ከ1.1 እስከ 28» የሚል የእምነት ወሰን (ኮንፊደንስ ኢንተርቫል) ይመጣና በቴሲስ ዲፌንሱ ቀን ማብራራት ያቅታል።

መድኃኒቱ ፕሮፖዛል ከመጻፍ በፊት ሆስፒታሉ ሄዶ የወሊድ መዝገቡን መቁጠር ነው። ሆስፒታሉን አስፈቅዳችሁ ያለፈውን አንድ ዓመት መዝገብ ይዛችሁ ተቀመጡ፤ የእናቶችን ካርድ ሳትከፍቱ በየወሩ ስንት ክስተት እንዳለ ቁጥሩን ብቻ በወረቀት አውጡ። እንደ ማሕፀን መቀደድ ያለ ጥቂት ክስተት ከሆነ የሦስት ዓመቱን ሁሉ ወስዳችሁ ለእያንዳንዱ ሁለት ንጽጽር እናት በመምረጥ በኬዝ ኮንትሮል (ችግሩ የደረሰባቸውን ካልደረሰባቸው ጋር በማነጻጸር) ሥሩት።

መዝገቡ ውስጥ ያለው ቃልም ይታይ። ከወሊድ በኋላ የሚከሰት ደም መፍሰስን የሚያጠኑ ሰዎች መስፈርታቸው 500 ሚሊ ሊትር ነው ብለው ይጀምራሉ፤ ካርዱ ላይ የሚያገኙት ግን በዓይን የተገመተ ቁጥር ነው፤ አንዳንዴም «መካከለኛ» የሚል ቃል ብቻ። የዓይን ግምት ከእውነተኛው መጠን ዝቅ ይላል። ስለዚህ ከካርድ የወጣው ስርጭት የሚነግረን የፈሰሰውን ደም ሳይሆን አዋላጇ ያስተዋለችውን ነው። ይህንን በውስንነት ክፍል በአንድ መስመር አልፋችሁ ከማምለጥ መጠኑን የመለኪያ መስመር ባለው የደም መሰብሰቢያ ፕላስቲክ መለካት፣ ካልተቻለ ርዕሱን መቀየር ይሻላል።

ያረጀ መስፈርት ላይ መቆም

ንቁ ምጥ የማሕፀን በር 4 ሴንቲ ሜትር ሲከፈት ይጀምራል ብሎ የሚጽፍ ፕሮፖዛል አሁንም ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 5 ሴንቲ ሜትር ብሏል፤ በ2020 ያወጣው የምጥ ክትትል ቅጽም በድሮው ፓርቶግራፍ (የምጥ መከታተያ ሰንጠረዥ) የነበሩትን የማስጠንቀቂያና የእርምጃ መስመሮች ትቷል፤ በእነሱ ፋንታ ለእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር የራሱ ሰዓት አለው፦ 5 ላይ 6 ሰዓት፣ 7 ላይ 3 ሰዓት፣ 9 ላይ 2 ሰዓት። ጤና ተቋሙ አሮጌውን ቅጽ እየተጠቀመ ከሆነ የትኛውን መስፈርት እንደወሰዳችሁ ጻፉ፤ ሁለቱን ማቀላቀል ነው የሚያስወቅሰው። የቅድመ ወሊድ ክትትልም እንዲሁ ነው፤ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ምክሩ 4 ጊዜ ሳይሆን 8 ጊዜ ነው።

በመግቢያ ላይ «የእናቶች ሞት ከ412 ወደ 267 ወረደ» የሚል ዓረፍተ ነገርም ይገባል (በ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት)። 412 ከ2016 እ.ኤ.አ. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የመጣ ነው፤ ሴቶች ስለ እህቶቻቸው ሞት ተጠይቀው የተሰላ፣ ከጥናቱ በፊት ያሉትን 7 ዓመታት የሚያሳይ። 267 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ለ2020 እ.ኤ.አ. በሞዴል የገመቱት ነው። ሞት መቀነሱ እውነት ነው፤ በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ግን አይለካም።

ቀኑን ሳይቀይሩ ኮምፒዩተር ላይ መጫን

የሕይወት ፋና ካርድም ሆነ የቀበሌ ጤና ኬላ መዝገብ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ተማሪው ያንኑ ቀን ኤክሴል ላይ ይጽፋል፤ ኤክሴል የፈረንጅ ቀን አድርጎ ይቀበለዋል። አንድ ምሳሌ እንይ። የመጨረሻ ወር አበባ 01/01/2016፣ ወሊድ 19/09/2016። በእኛ አቆጣጠር 8 ወር ከ18 ቀን ነው፤ ወሩ 30 ቀን ስለሆነ 258 ቀን፣ ማለትም 36 ሳምንት ከ6 ቀን፤ ያለ ጊዜው የተወለደ። ኤክሴል ግን ከጃንዋሪ እስከ ሴፕቴምበር ቆጥሮ 262 ቀን ይላል፤ 37 ሳምንት ከ3 ቀን፤ ጊዜውን የጨረሰ። ሕፃኑ ከአንድ ቡድን ወደ ሌላው ተሻገረ፤ ማንም አላየም። ጥቅምት 30 ሲጻፍ ደግሞ የፌብሩዋሪ 30 ስለሌለ ቀኑ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል፤ 13ኛ ወርማ ጭራሽ አያውቅም። ስለዚህ ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን በሦስት ዓምድ ለየብቻ ጻፉ፤ ከዚያ ቀይሩ ወይም በ30 እያባዛችሁ ቁጠሩ፣ ጳጉሜን ሳትረሱ።

የመውለጃ ቀን ስሌቱም በዚሁ ይመጣል። ከመጨረሻ ወር አበባ የሚቆጠረው 280 ቀን ማለት 9 ወር ከ10 ቀን ነው፤ መሐል ላይ ጳጉሜ ካለች 9 ወር ከ5 ቀን፣ ጳጉሜ 6 በምትሆንበት በዘመነ ሉቃስ 9 ወር ከ4 ቀን። የመጨረሻ ወር አበባዋ ጥር 12 ቀን 2016 የሆነ እናት ጥቅምት 17 ቀን 2017 ትጠበቃለች። 10 የደመረ ሰው ጥቅምት 22 ይላል፤ ካርዱን የሞላው ባለሙያ የትኛውን እንደተጠቀመ መጠየቅ ያስፈልጋል።

መጠይቁን በአማርኛ ብቻ ማዘጋጀት

ሐረር ላይ አንድ ተራ ውስጥ አፋን ኦሮሞ፣ አማርኛ፣ ሐረሪና ሶማሊኛ የሚናገሩ እናቶች ይቀመጣሉ። አንድ ሰው ይተረጉማል፣ መጠይቁን ያላየ ሌላ ሰው መልሶ ይተረጉማል፣ ሁለቱ ይነጻጸራሉ። ከዚያ 5 በመቶው፣ ለ423 ሰው 21 ወይም 22 እናት፣ ጥናቱ በማይካሄድበት ተቋም ይሞከራል። አማርኛውም ቢሆን ያሳስታል። «ውርጃ አጋጥሞዎት ያውቃል?» ስትሏት ሴትየዋ የምትሰማው ክስ ነው። አስወረዳትና አስወረደች በሁለት ፊደል ብቻ ይለያያሉ፤ የመጀመሪያው ሳትፈልግ የደረሰባት ነው፣ ሁለተኛው ራሷ ያደረገችው። ጥያቄዎቹን ለዩአቸው፤ ሞቶ የተወለደውንም ለብቻ ጠይቁ።

ስለ ጫት ሲጠየቅም «በቀን ስንት እስር?» አይሠራም። እስሩ እንደየገበያው ይለያያል፤ ከባልና ከጎረቤት ጋርም ይከፋፈላል። በሳምንት ስንት ቀን፣ በአንድ ቁጭታ ስንት ሰዓት ብሎ መጠየቅ የተሻለ መልስ ያመጣል። ለቤት ለቤት ጥያቄ መረጃ ሰብሳቢ የሚላከውም ጠዋት ነው፤ ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ የተቀመጠ ቤት 40 ጥያቄ አይመልስም።

አንድ ደብዳቤ ይበቃል ማለት

ከኮሌጁ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ሳይወጣ አንድም የእናት ካርድ አይከፈትም፤ ለሙከራ እንኳ። ዕድሜያቸው ከ18 በታች የሆኑ እናቶች ፈቃድ እንዴት እንደሚወሰድ ፕሮፖዛሉ ላይ ካልተጻፈ ኮሚቴው ይመልሰዋል። ከዚያ የአስተዳደር ወሰኑ ይመጣል። ከሐረር ድሬ ዳዋ በሚወስደው በዚያ መንገድ ላይ ሦስት አስተዳደር አለ፦ ሐረሪ ክልል፣ በመሐል ኦሮሚያ፣ መጨረሻ ላይ የድሬ ዳዋ ከተማ አስተዳደር። የሐረሪ ጤና ቢሮ ደብዳቤ አወዳይ ያለውን ጤና ጣቢያ አያስከፍትም። ጥናቱ ሦስቱንም ከነካ ሦስቱም ጋ በአንድ ሳምንት ደብዳቤ ይግባ፤ ተራ በተራ ሲጠበቅ የመረጃ መሰብሰቢያው ወር ይበላል፤ ረመዳን መሐል ላይ ከገባ ደግሞ የሥራው ፍጥነት ይቀንሳል፤ የጊዜ ሠሌዳው ይህን አስቀድሞ ይያዝ።