የእርግዝና መከላከያ ክኒን እየወሰድሽ የማለዳ ሙቀት ስትለኪ

የማለዳ ሙቀት እንቁላል መቼ እንደወጣ የሚያሳየው ሰውነት በራሱ ዑደት ሲሄድ ብቻ ነው። እንቁላል ከመውጣቱ በፊት አብዛኞቹ ሴቶች ሲነቁ ሙቀታቸው ከ36.1 እስከ 36.5 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከወጣ በኋላ ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን ስለሚጨምር ከ0.2 እስከ 0.5 ዲግሪ ከፍ ይልና እስከሚቀጥለው የወር አበባ ድረስ እዚያው ይቆያል። ሁለት ሆርሞን ያለው ክኒን ግን እንቁላሉ እንዳይወጣ ያደርጋል፤ ስለዚህ ያ ከፍታ አይመጣም። በክኒኑ ውስጥ ያለው ሰው ሠራሽ ፕሮጄስትሮንም ራሱ ሙቀቱን ትንሽ ሊያነሳው ይችላል።

28 ፍሬ ባለው እሽግ ብዙውን ጊዜ 21ዱ ሆርሞን፣ 7ቱ ቡናማዎች ደግሞ የብረት ክኒን ናቸው። በቡናማዎቹ ሳምንት ሙቀቱ ቢወርድና ደም ቢመጣ ሆርሞኑ ስለተቋረጠ እንጂ እንቁላል ወጥቶ ስላለፈ አይደለም። የሙቀት መዝገቡን አይተሽ «ዛሬ እርግዝና የማይፈጠርበት ደህና ቀን ነው» ብለሽ ክኒን መዝለል በዚህ ጉዳይ ከሚደረጉ ስህተቶች ሁሉ የከፋው ነው። ለሚያጠቡ እናቶች የሚሰጠው ባለ አንድ ሆርሞን ክኒን ላይ አንዳንዴ እንቁላል ይወጣል፣ ሙቀትም ከፍ ሊል ይችላል፤ ያ የሙቀት ከፍታም ቢሆን እርግዝናን ለመከላከል አያገለግልም።

ጥበቃሽ የላላ መሆኑን የሚነግርሽ የክኒኑ እሽግ ነው። ከባለ ሁለት ሆርሞኑ እሽግ አንድ የሆርሞን ፍሬ ከረሳሽ ባስታወስሽበት ሰዓት ዋጪ፣ ቀጣዩንም በሰዓቱ፤ በአንድ ቀን ሁለት ብትወስጂ ችግር የለውም። ሁለትና ከዚያ በላይ ካለፈሽ ካለፉሽ ፍሬዎች የመጨረሻውን ዋጪና 7 ቀን በተከታታይ እስክትወስጂ ኮንዶም ተጠቀሚ። ይህ በሦስተኛው ሳምንት ከሆነ ቡናማዎቹን ተይና ወዲያው አዲስ እሽግ ጀምሪ። በመጀመሪያው ሳምንት ሆኖ ግንኙነት ከነበረሽ በተለምዶ ፖስት ፒል ስለሚባለው ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ ፋርማሲ ጠይቂ። በዋጥሽ በ3 ሰዓት ውስጥ ካስመለሰሽ ሌላ ፍሬ ውሰጂ። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲንና አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች የክኒኑን ኃይል ይቀንሳሉ፤ ሐኪምሽ ይወቅ።

እንግዲህ ለምን ይለካል? ክኒኑን ልታቆሚ ካሰብሽ ልማዱን ከአሁኑ መያዝ ይጠቅማል። ከነጥብ በኋላ ሁለት አሃዝ የሚያሳይ (36.45 እንደሚል) ቴርሞሜትር ፈልጊ፤ በአንድ አሃዝ ትንሽ ለውጥ በግልጽ አይታይም። የግንባር መለኪያው ለዚህ አይሆንም። ቴርሞሜትሩን ትራስ አጠገብ አስቀምጪ። ከመነሳትሽ፣ ከማውራትሽና ውኃ ከመጠጣትሽ በፊት ከምላስሽ ሥር አድርገሽ አፍሽን ዝጊ። ሁልጊዜ በአንድ ቦታና በአንድ ሰዓት ይሁን፤ ጠዋት 12 ሰዓት ካልሽ ከግማሽ ሰዓት በላይ አይዘግይ፣ ብዙ ባንቀላፋሽ ቁጥር ሙቀቱ ይነሳልና። ከመለካትሽ በፊት ቢያንስ 3 ሰዓት ያልተቆራረጠ እንቅልፍ ያስፈልጋል። ለሌሊት ጸሎት ወይም ለሱሁር ከተነሳሽ፣ ትኩሳት ካለብሽ፣ አልኮል ከጠጣሽ ወይም የሌሊት ፈረቃ ከሠራሽ ቁጥሩን ጻፊ፣ አጠገቡ ምክንያቱን አስፍሪ፣ በንጽጽሩ ግን አታስገቢው።

ክኒኑን ካቆምሽ በኋላ በመጀመሪያ የሚመጣው ደም የክኒኑ እንጂ የራስሽ ዑደት አይደለም። ቀጥለው የሚመጡት ዑደቶች ሊረዝሙ ወይም ሊዛቡ ይችላሉ፤ እርግዝና ካልፈለግሽ እስኪስተካከሉ ኮንዶም ይኑር። የምትፈልጊው ከቀደሙት 6 ቀናት ሁሉ ከፍ ያሉ 3 ተከታታይ ንባቦችን ነው፤ ሦስተኛው ከስድስቱ ከፍተኛ ቢያንስ በ0.2 መብለጥ አለበት። ከዚህ ጋር የማህፀን በር ፈሳሽንም ተመልከቺ፦ እንደ እንቁላል ነጭ የሚሳብና የሚያዳልጥ ከሆነ እንቁላል እየቀረበ ነው። ሙቀቱ እንቁላል ከወጣ በኋላ ብቻ ስለሚናገር ለእርግዝና የምትሞክሪ ከሆነ ፈሳሹ ቀድሞ ይነግርሻል።

ከክኒን ከወጣሽ በኋላ የሙቀቱ ከፍታ ከ18 ቀን በላይ ከቆየ የእርግዝና የሽንት ምርመራ አድርጊ። ክኒን ላይ ሆነሽ ግን ሙቀቱን አትጠብቂ፤ ክኒን ካመለጠሽ በኋላ በቡናማዎቹ ሳምንት ደም ካልመጣ ምርመራውን ወዲያው አድርጊ።