ዕቃና መረጃ በአሜሪካ የወጪ ንግድ ቁጥጥር ሕግ እንዴት ይመደባሉ?

ከአሜሪካ ወደ ኢትዮጵያ የቴክኒክ መሣሪያ የሚልክ ሰው በቅድሚያ የሚጠይቀው «ፈቃድ ያስፈልገዋል ወይ?» ብሎ ነው። ነገር ግን ዕቃው በየትኛው ዝርዝር፣ በየትኛው ቁጥር እንደተመደበ ሳይታወቅ ለዚህ ጥያቄ መልስ መስጠት አይቻልም።

መጀመሪያ የሚነበበው በአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የሚተዳደረው፣ 21 ምድቦች ያሉት የጦር መሣሪያ ዝርዝር ነው። ኢትዮጵያ በኖቬምበር 2021 እ.ኤ.አ. የጦር መሣሪያ ሽያጭ ክልከላ ከተደረገባቸው አገሮች ጋር ስለ ተጨመረች፣ ወደዚያ የሚልክ ሰው ይህን ደረጃ መዝለል የለበትም፤ ደንቡም በየጊዜው ስለሚሻሻል በሚላክበት ቀን የጸናውን ቅጂ ማንበብ ይገባል። ዕቃው በየትኛው መሥሪያ ቤት ሥልጣን ሥር እንዳለ የሚያጠራጥር ከሆነ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱን በጽሑፍ ጠይቆ ውሳኔ መቀበል ይቻላል።

ዕቃው እዚያ ከሌለ ወደ አሜሪካ የንግድ መሥሪያ ቤት ዝርዝር ይታለፋል። ይህ ዝርዝር ከ0 እስከ 9 የተቆጠሩ አሥር ምድቦች ሲኖሩት፣ እያንዳንዱ ምድብ ደግሞ መሣሪያ፣ የማምረቻና የመፈተሻ መሣሪያ፣ ጥሬ ዕቃ፣ ሶፍትዌርና ቴክኖሎጂ ተብሎ በአምስት ይከፈላል። የኤሌክትሪክ መስመር የት ላይ እንደሚግል የምታሳይ፣ በእጅ የምትያዝ የሙቀት ካሜራን እንውሰድ። የምትፈለገው 6ኤ003 ላይ ነው፤ 6 የሴንሰሮችና የሌዘር ምድብ፣ ኤ ደግሞ መሣሪያ መሆኗን ያመለክታል። የአምራቹን የቴክኒክ መግለጫ ገልጠን በሰከንድ ስንት ምስል እንደምታነሳ እንይ፤ 9 ሄርዝ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ቁጥጥሩ ወደሚላላበት 6ኤ993 ትዛወራለች፣ ከዚያ ካለፈ ግን በአብዛኛው በ6ኤ003 ትቀራለች። በመልክ ፈጽሞ የማይለዩ ሁለት ካሜራዎች በዚህ አንድ አኃዝ ብቻ የተለያየ ቁጥር ሊይዙ ይችላሉ። ስለዚህ «ለሲቪል ሥራ ነው» ማለት ምደባውን አይለውጠውም። የጉምሩክ ታሪፍ ቁጥርም ሌላ ነገር ነው፤ ለቀረጥና ለስታቲስቲክስ እንጂ ለዚህ አያገለግልም።

በዝርዝሩ ውስጥ በስም ያልተጠቀሰ ነገር ኢኤአር99 ይባላል፤ ይህ ግን ፍለጋው ተሟጦ ሲያልቅ የሚደረስበት ውጤት እንጂ መነሻ ግምት መሆን የለበትም፤ ተቀባዩ ወይም የዕቃው አገልግሎት የተከለከለ ከሆነ ኢኤአር99ም ቢሆን ፈቃድ ይጠይቃል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በመረጃ ላይ ነውና እዚህ ቆም ማለት ያስፈልጋል። መረጃ የራሱ ምደባ አለው፦ በ6ኤ003 የተመደበች ካሜራ የዲዛይን ሥራ ዕውቀት 6ኢ001፣ የማምረቻው ደግሞ 6ኢ002 ነው። ይህ ማለት ስለ ካሜራዋ የተጻፈ ሁሉ ቁጥጥር ይደረግበታል ማለት አይደለም። የፕላስቲክ ሽፋኗ ንድፍ ካሜራዋን ለቁጥጥር ያበቃት ብቃት ምንጭ አይደለም፤ ሙቀት ተቀባዩ ክፍል የሚሠራበት ዘዴ ግን ነው። ለሁሉም ክፍት ሆኖ የታተመ ጽሑፍና ሊታተም የታሰበ መሠረታዊ ምርምር በዚህ ቁጥጥር ውስጥ አይገቡም። መረጃ ወጣ የሚባለውም ድንበር ሲሻገር ብቻ አይደለም፤ አሜሪካ ውስጥ በተማሪ ቪዛ ላለ ኢትዮጵያዊ ቁጥጥር ያለበትን ንድፍ ማሳየት ወይም በቃል ማስረዳት ወደ ኢትዮጵያ እንደ መላክ ይቆጠራል። ግሪን ካርድ ያለው ወይም ጥገኝነት የተሰጠው ሰው ግን በዚህ ረገድ እንደ ውጭ ዜጋ አይታይም። በየላቦራቶሪው የሚሠሩ ወገኖቻችን ይህን አስቀድመው ቢያውቁት ከብዙ ጭንቀት ይድናሉ።

አምራቹ የምደባ ቁጥሩን ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ ይነግራል፤ ያም ቢሆን ከመግለጫው ጋር ማመሳከር የላኪው ኃላፊነት ነው። ካልተረጋገጠ የንግድ መሥሪያ ቤቱን የኢንዱስትሪና ደህንነት ቢሮ ያለ ክፍያ መጠየቅ ይቻላል። ውሳኔው ከነምክንያቱ፣ ከቀኑና ከቴክኒክ መግለጫው ጋር ቢያንስ አምስት ዓመት ይቀመጣል። በመዝገቡ ላይም ከሞዴሉ ስም ሌላ የምስል ፍጥነቱና የሶፍትዌሩ እትም ይጻፍ፤ ያቺው ካሜራ በሶፍትዌር ማሻሻያ ከ9 ሄርዝ በላይ ከፍ ካለች ምደባዋ እንደ አዲስ መሠራት አለበትና።