ወርቁ አልሟሟም ብላችሁ ናይትሪክ አትጨምሩ

ወርቅ ማንጠር የሚማሩ ልጆች አንድ ነገራቸው ያንገበግበኛል። አሲድ ውስጥ የገባው ወርቅ መሟሟት ሲያቆም እጃቸው በቀጥታ ወደ ናይትሪኩ ጠርሙስ ይሄዳል። «ጋሼ፣ አሲዱ ደከመ።» አልደከመም!

ናይትሪክ አሲድ ብቻውን ወርቅን አይነካውም። ሃይድሮክሎሪክም እንደዚያው። ሲቀላቀሉ ግን ሥራ ይከፋፈላሉ። ናይትሪኩ ከወርቁ ኤሌክትሮን ይነጥቃል፤ ከሃይድሮክሎሪኩ የሚመጣው ክሎራይድ ደግሞ ወርቁን ከብቦ ፈሳሹ ውስጥ ይይዘዋል። ልኩ 1 ለ3 ነው፤ የሚበዛው ሃይድሮክሎሪኩ ነው።

ታዲያ ለምን ቆመ? ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ወርቁ ውስጥ ያለው ብር ነው። ብር ክሎራይድ ሲያገኘው ነጭ ቅርፊት ይሠራና ወርቁን ይሸፍነዋል። ብሩ ከ10 በመቶ ገደማ ካለፈ የፈለጋችሁትን ያህል አሲድ ብትደፉ ዋጋ የለውም። መፍትሔው ብር መጨመር ነው። ይህን ስል ይስቁብኛል። 1 እጅ ወርቅ ከ3 እጅ ብር ጋር ይቀልጣል፤ ከዚያ ብሩ በናይትሪክ ብቻ ታጥቦ ይወጣል።

ያ ሳያስፈልግ የጨመራችሁት ናይትሪክ በኋላ ዕዳ ይሆናል። ወርቁን ለማዝቀጥ ሜታባይሰልፋይት የሚባለውን ዱቄት ስትነሰንሱ፣ የተረፈው ናይትሪክ የዘቀጠውን መልሶ ያሟሟዋል። ይንተከተካል፣ ቡናማ ጭስ ይወጣል፣ ወርቅ ግን የለም። ጀማሪ ሳለሁ «ባዶ ነው» ብዬ ሙሉ ቢከር (የመሥሪያ ብርጭቆ) ደፍቻለሁ። የደንበኛ ወርቅ ነበር፤ ከኪሴ ከፈልኩ። አንድ ጠብታ ወስጄ ስታነስ ክሎራይድ የሚባለውን መመርመሪያ ባደርግበት ኖሮ ወይን ጠጅ ቀለም ይዞ ወርቅ እንዳለ ይነግረኝ ነበር።

ፈሳሹ ውስጥ ያለ ወርቅ እኮ የትም አይሄድም። በ1940 እ.ኤ.አ. ናዚዎች ዴንማርክን ሲወሩ፣ ኬሚስቱ ጆርጅ ደ ሄቬሲ የማክስ ፎን ላወንና የጄምስ ፍራንክን የኖቤል ሜዳሊያዎች ኮፐንሃገን ውስጥ በዚሁ አሲድ አሟሙቶ መደርደሪያ ላይ ተዋቸው። ከጦርነቱ በኋላ ወርቁ ወጣ፣ ሜዳሊያዎቹም እንደገና ተሠሩ።

የተረፈ ቅልቅል በጠርሙስ ጥርቅም አድርጋችሁ አትክደኑ። ጋዝ ማመንጨቱን አያቆምም፤ ጠርሙሱ ይፈነዳል። ለዕለቱ የሚበቃችሁን ብቻ ቀላቅሉ። አሞኒያ ደግሞ ወርቅ ካለበት ፈሳሽ አጠገብ አይድረስ፤ ሲደርቅ በትንሽ ፍትጊያ የሚፈነዳ ነገር ይወጣዋል።

ደግሞ የዘቀጠ ወርቅ አያብለጨልጭም። የቡና አተላ ነው የሚመስለው። አንድ ተለማማጄ «ጋሼ፣ ቆሻሻውን አጠብኩት» ብሎ የጸዳ ቢከር አሳየኝ። የዚያን ቀን የእቃ ማጠቢያውን ቧንቧ ፈትተን፣ ጭቃውን በማንኪያ ስንዝቅ አመሸን።