«መዝገቡ የት ሄደ?» ክስ ከፍርድ ቤት ፍርድ ቤት ሲንከራተት

አጎቴ የቤት ክርክር ነበራቸው። ክስ ያቀረቡበት ፍርድ ቤት «ሥልጣን የለኝም» አላቸው። እሳቸውም «እንግዲህ መዝገቡ ወደሚመለከተው ይሄዳል፣ መጥሪያ ይልኩልኛል» ብለው ቁጭ አሉ። ወራት አለፈ። በኋላ አብሬያቸው መዝገብ ቤት ሄድኩ። ልጅቷ ኮምፒውተሯን አየችና «አባቴ፣ ይሄ መዝገብ እኮ ተዘግቷል፤ የትም አልሄደም» አለቻቸው።

ይሄ ነገር በየቀኑ የሚያጋጥም ነው። ስለዚህ ከምልክቱ ተነስተን ምክንያቱንና መፍትሄውን እንይ።

«ሥልጣን የለኝም» ተባልኩ፤ ከዚያ በኋላ ዝም ሆነ

መጀመሪያ የትእዛዙን የመጨረሻ አንቀጽ ያንብቡ። «መዝገቡ ተዘግቷል» ነው የሚለው ወይስ «ተዛውሯል»? ሁለቱ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት፣ ሥልጣን የለም ሲባል የተለመደው ውጤት መዘጋት ነው። ከሳሹ ሥልጣን ላለው ፍርድ ቤት እንደ አዲስ ያቀርባል። መዝገቡን ተሸክሞ የሚሄደው እርስዎ ነዎት እንጂ ፍርድ ቤቱ አይደለም።

ለምን ተሳሳትኩ ካሉ፣ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ከእነዚህ አንዱ ነው።

የገንዘቡ መጠን። በፌዴራል ደረጃ ድሮ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ጣሪያ 500 ሺህ ብር ነበር። በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 ግን ወደ 10 ሚሊዮን ብር ከፍ ብሏል። ከዚያ በላይ ሲሆን ነው ለከፍተኛው የሚቀርበው። የሚገርመው፣ የድሮው ቁጥር ዛሬም ከብዙ ሰው ጭንቅላት አልወጣም። አንዳንድ ማመልከቻ ጸሐፊም በዚያው ይጽፋል። የ2 ሚሊዮን ብር ክስ ይዘው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከሄዱ ይመልስዎታል።

ቦታው። መነሻው ተከሳሹ የሚኖርበት ወይም የሚሠራበት ቦታ ነው። የውል ክስ ውሉ በተደረገበት ወይም በሚፈጸምበት ቦታም ይቀርባል። ቤትና መሬት ላይ ግን ሕጉ ቆፍጠን ያለ ነው። ንብረቱ ያለበት ቦታ ነው የሚከሰሰው። እርስዎም ባላጋራዎም አዲስ አበባ ብትኖሩ፣ ቤቱ ቢሾፍቱ ከሆነ ጉዳዩ ወደዚያው ነው። የአጎቴም ስህተት ይኸው ነበር።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ከተማዋ የራሷ ፍርድ ቤቶች አሏት። የወራሽነት ማስረጃ የሚሰጡት እነሱ ናቸው። ሰው ማስረጃውን ከዚያ ካወጣ በኋላ የውርስ ክፍፍል ክርክሩንም እዚያው ይዞ ይሄዳል። ያ ግን የፌዴራል ፍርድ ቤት ጉዳይ ነው። ማስረጃ መስጠትና ክርክር መዳኘት ይለያያሉ።

መፍትሄው ቶሎ መንቀሳቀስ ነው። በዚያው ሳምንት የትእዛዙን ግልባጭ ማኅተም አስመትተው ይውሰዱ። የመጀመሪያው ክስ የቀረበበት ቀን የሚታይበትን ገጽም ኮፒ ያድርጉ። ስለ ዳኝነት ክፍያው ትእዛዙ የሚለው ነገር ካለ ያጣሩ፤ ከሌለ ሬጅስትራሩን (የመዝገብ ቤቱን ኃላፊ) በጽሑፍ ይጠይቁ። ከዚያ አዲሱን ማመልከቻ ሥልጣን ላለው ፍርድ ቤት አቅርበው፣ የመጀመሪያውን ትእዛዝ አያይዙ።

ሰው የሚረሳው ሁለት ነገር አለ።

አንደኛው ይርጋ፣ ማለትም ክስ የማቅረቢያው የጊዜ ገደብ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1851 ባለገንዘቡ ክስ ሲያቀርብ ይርጋው ይቋረጣል ይላል። እሱን ተማምነው እንዳይቀመጡ። ባላጋራዎ የመጀመሪያው ክስ ሥልጣን በሌለው ፍርድ ቤት ስለቀረበ አይቆጠርም ብሎ መከራከሩ አይቀርም። ያኔ እርስዎን የሚያድንዎ የቀን ማስረጃ ነው። በተለይ የሥራ ክርክር ላይ ጊዜው አጭር ነው። በአዋጅ 1156/2011 ከሥራ የተባረረ ሰው «ወደ ሥራዬ ልመለስ» የሚለውን ክስ በ3 ወር ውስጥ ማቅረብ አለበት። ውዝፍ ደመወዝ ደግሞ 6 ወር ነው።

ሁለተኛው እግድ ነው። ቤቱ እንዳይሸጥ ወይም እንዳይተላለፍ አሳግደው ከነበረ፣ መዝገቡ ሲዘጋ እግዱ የቆመበት መሬት ይጠፋል። ባላጋራዎ ደግሞ ይህን ከእርስዎ ቀድሞ ሊያውቅ ይችላል። ስለዚህ አዲሱን ክስ ሲያስገቡ የእግድ ማመልከቻውንም አብረው ያስገቡ። «ነገ አመጣለሁ» አያዋጣም።

ወረዳ ፍርድ ቤቱ አይሆንም አለኝ፤ ግን ሁሉም ነገር እዚሁ ወረዳ ነው ያለው

ቦታው ትክክል ነው፣ ገንዘቡም ትንሽ ነው፤ ወረዳው ግን መለሰዎት። ይሄ ሲሆን የተከራካሪዎቹን ማንነት ይዩ። ከመካከላቸው የፌዴራል መንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም የውጭ ዜጋ ካለ፣ ጉዳዩ የፌዴራል ሊሆን ይችላል።

ታዲያ አዲስ አበባ ድረስ ልሂድ? አያስፈልግም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 መፍትሄ አለው። የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃን ሥልጣን፣ የክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ የፌዴራል ከፍተኛን ሥልጣን ደርቦ ይሠራል። በተለምዶ «በውክልና» የሚባለው ይሄ ነው። ወረዳው ገፋዎት ማለት አንድ እርከን ወደ ላይ ይውጡ ማለት ነው። ሲወጡ ግን ማመልከቻው ላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን የሚያየው በውክልና የፌዴራል ሥልጣኑ መሆኑን በግልጽ ይጻፉ። ካልጻፉት የይግባኙ መንገድ በኋላ ይደበላለቃል።

አሜሪካ ወይም አውሮፓ ያላችሁ ወገኖች እዚህ ላይ ልብ በሉ። የውጭ ፓስፖርት ከያዙ በኋላ ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያ) ዜግነት አይመልስም። «እኔ እኮ የዚሁ አገር ልጅ ነኝ» የሚለው እውነት ነው፤ ሥልጣን ሲለይ ግን ዜግነት ይጠየቃል። ክሱ ከመግባቱ በፊት ጠበቃዎ ይህን ያጣራ። ውጭ አገር የተሰጠ የፍቺ ፍርድ እዚህ እንዲፈጸም ከፈለጉ ደግሞ ቦታው የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። ቀበሌም ወረዳም አይመላለሱ።

ይኛውም ያኛውም «እኔ ጋ አይደለም» ይላሉ

አንዱ ፍርድ ቤት ወደ ሌላው መራዎት፤ ሌላውም መለሰዎት። ብዙ ሰው ሦስተኛ ፍርድ ቤት ፍለጋ ይሄዳል። ስህተት ነው። ሁለት እርስ በርስ የሚጋጩ ትእዛዞች እጅዎ ላይ ካሉ የሚያስፈልግዎት ይግባኝ እንጂ አዲስ ክስ አይደለም። መዝገብ የዘጋ ትእዛዝ ይግባኝ ይባልበታል። በፍትሐ ብሔር ጊዜው 60 ቀን፣ በሥራ ክርክር 30 ቀን ነው። ይግባኙ ላይ ሁለቱንም ትእዛዝ አያይዙ። የበላይ ፍርድ ቤቱ አንደኛውን «አንተ ተቀበል» ብሎ ይመልስለታል።

ጊዜው ካለፈ በቂ ምክንያት ማሳየት ይጠበቅብዎታል። «ጠበቃዬ ረስቶት ነው» ግን በቂ ምክንያት አይባልም። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 326 ይህን በግልጽ ዘግቶታል። ጭካኔ ይመስላል፤ ሕጉ ግን ነው።

«ተዛውሯል» ተብሏል፤ ያኛው ፍርድ ቤት ግን «አልደረሰንም» ይላል

ይሄኛው የሕግ ችግር አይደለም፤ የወረቀት ነው። መዝገቡ በሸኚ ደብዳቤ ነው የሚሄደው። ስለዚህ «መዝገቤ የት ነው?» ብለው አይጠይቁ። «የሸኚው ደብዳቤ ቁጥርና ቀን ስንት ነው?» ይበሉ። ቁጥሩን ይዘው ተቀባዩ ፍርድ ቤት ሲሄዱ ነገሩ ይቀላል። እዚያ አዲስ የመዝገብ ቁጥር ይሰጠዋልና እሱንም ይጻፉ። በድሮው ቁጥር የሚፈልግ ሰው «የለም» ይባላል፤ መዝገቡ ግን መደርደሪያው ላይ ቁጭ ብሏል።

መዝገቡን የያዘው ሰው ምሳ ወጥቷል ከተባሉ ጠብቁት። ነገ ሌላ ሰው ይሆናል።

በአንድ ፍርድ ቤት ውስጥ ካንዱ ችሎት ወደ ሌላው መዞር ከዚህ ይቀላል። የፍትሐ ብሔር ችሎት የገባ የፍቺ ጉዳይ ወደ ቤተሰብ ችሎት ቢመራ አይደንግጡ። የሥልጣን ጥያቄ ሳይሆን የሥራ ክፍፍል ነው።

ዳኛው ከባላጋራዬ ጋር ይተዋወቃል፤ ፍርድ ቤቱ ይቀየርልኝ

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይምታታል። ችግሩ ያለው ዳኛው ላይ ነው ወይስ ፍርድ ቤቱ ላይ?

ዳኛው የባላጋራዎ ወይም የጠበቃው ዘመድ ከሆነ፣ ቀድሞ በዚሁ ጉዳይ በሌላ ሥራ ተሳትፎ ከነበረ፣ ወይም ከአንዳችሁ ጋር የራሱ ክስ ካለው መፍትሄው «ዳኛው ይነሣልኝ» የሚል ማመልከቻ ነው። ምክንያቱን እንዳወቁ ወዲያው ያቅርቡት። ክርክሩ አልሆን ሲልዎት የሚያነሱት ከሆነ ማንም አያምንዎትም። መሠረት የሌለው አቤቱታ መቀጮም ሊያስከትል ይችላል። «ሲያየኝ ፊቱን አኮሳተረ» ምክንያት አይደለም።

ፍርድ ቤቱን ራሱን መቀየር ሌላ ነው። በፌዴራል ሥርዓት ካንድ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ወደ ሌላ እንዲዛወር የሚጠየቀው ከፍተኛው ፍርድ ቤት ነው። ከአንድ ከፍተኛ ወደ ሌላ ከፍተኛ ሲሆን ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። ማመልከቻውን መዝገቡ ላለበት ችሎት የሚሰጡ ብዙ ናቸው፤ ቀጠሮ ከመብላት በቀር ትርፍ የለውም። ምን ዓይነት ምክንያት ይቀበላሉ ለሚለው፣ የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 106 ጥሩ መልስ ይሰጣል። እዚያ ቦታ ከአድልዎ ነፃ የሆነ ፍርድ ማግኘት አለመቻሉ፣ ያልተለመደ ከባድ የሕግ ጥያቄ መነሳቱ፣ ድርጊቱ የተፈጸመበትን ቦታ ማየት ማስፈለጉ፣ ወይም ለተከራካሪዎችና ለምስክሮች ምቹ መሆኑ ይጠቀሳል። ምስክሮችዎ በሙሉ ሌላ ከተማ ካሉ ስማቸውንና አድራሻቸውን ዘርዝረው በቃለ መሐላ ያስደግፉት። «ይርቀኛል» ብቻውን ደካማ ነው።

ተከሳሽ ነኝ፤ ቦታው ልክ አይደለም ብዬ ተቃወምኩ፤ ውድቅ ተደረገብኝ

ወዲያው ይግባኝ አይሂዱ። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 320 በመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ላይ የተሰጠ ብይን ለብቻው ይግባኝ እንደማይባልበት ይናገራል። ከመጨረሻው ፍርድ ጋር አብሮ ይነሳል። እስከዚያ በፍሬ ነገሩ ይከራከሩ፤ ተቃውሞዎ መዝገቡ ላይ መስፈሩን ግን ያረጋግጡ።

ያልተቃወሙ ከሆነስ? የቦታ ተቃውሞ በመጀመሪያው አጋጣሚ ካልተነሳ እንደተተወ ይቆጠራል። ስለ ደረጃና ስለ ጉዳዩ ዓይነት የሚነሳ የሥረ ነገር ሥልጣን ግን አይታለፍም። የዚሁ ሕግ አንቀጽ 9 ፍርድ ቤቱ ማንም ባይቃወም በራሱ አንስቶ እንዲተወው ያዛል። ለዚህ ነው አንዳንድ ክስ ዓመት ከተጓዘ በኋላ የሚዘጋው። ከሳሽ ከሆኑ ባላጋራዎ ዝም ስላለ አይደሰቱ።

ከሸሪዓ ፍርድ ቤት መጥሪያ ደረሰኝ፤ እዚያ መዳኘት አልፈልግም

በ1992 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 188 የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤት ጉዳይዎን የሚያየው ፈቃደኛ ሲሆኑ ነው። ሕገ መንግሥቱም በግል ጉዳይ ላይ የተከራካሪዎችን ፈቃድ ይጠይቃል። ፈቃድ ከሌለ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ሥልጣን ላለው መደበኛ ፌዴራል ፍርድ ቤት ያስተላልፈዋል። እውነተኛ መዛወር የሚባለው ይሄ ነው፤ ከሳሹ ከዜሮ አይጀምርም።

ስህተቱ «አልፈልግም» ብሎ ቤት መቅረት ነው። መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበ ሰው እንደፈቀደ ይቆጠራል፤ ጉዳዩም በሌለበት ሊታይ ይችላል። በቀጠሮው ቀን ይቅረቡ፤ ፈቃደኛ አለመሆንዎን ይናገሩና መዝገቡ ላይ መጻፉን በዓይንዎ ይዩ። ክርክር ውስጥ ከገቡ በኋላ ሐሳብ መቀየር አይቻልም።