ፉርሽካው ሲኮመጥጥ፣ ሻጋታው ሲለግም፦ ችግርና መፍትሄ

አራት ኪሎ አካባቢ በምሠራበት ቤተ ሙከራ፣ በስንዴ ፉርሽካ ላይ አስፐርጊለስ ናይጀር የተባለውን ጥቁር ሻጋታ እያበቀልን ስታርች የሚሰባብረውን አሚሌዝ የተባለ ኢንዛይም እናወጣለን። ሥራው የተበላሸበት ሁሉ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ሻጋታውን ነው። እኔ ግን አስቀድሜ የምመረምረው ሙቀቱንና ውሃውን ነው።

በ2ኛው ቀን ይኮመጥጣል፣ በጣት ሲነካ ሙልጭልጭ ይላል

ባክቴሪያ ቀድሟችኋል። እዚህ ከተማ ዋናው ምክንያት ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለምትገኝ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ የኦቶክሌቩ (ፉርሽካውን በእንፋሎት ግፊት ከጀርም የምናጸዳበት ዕቃ) መለኪያ 15 ፒኤስአይ ግፊት ሲያሳይም ውስጡ 121 ሳይሆን 117 ዲግሪ ገደማ ነው። መመሪያው ላይ ያለው 15 ደቂቃ ባሕር ዳርቻ ላለ ሰው የተጻፈ ነው። ሙቀት የሚችሉት ባሲለስ የተባለው ባክቴሪያ ስፖሮች (እንደ ዘር ያሉ ጠንካራ ሕዋሳት) ከዚህ ተርፈው ፉርሽካውን ይወርሳሉ።

ስለዚህ ከግፊቱ ይልቅ ቴርሞሜትሩን እመኑ። 121 ለመድረስ ከ18 እስከ 19 ፒኤስአይ ያስፈልጋል። ዕቃው ይህን ግፊት እንዲችል ካልተሠራ በፍጹም አታስጨንቁት፤ በ117 ዲግሪ 40 ደቂቃ ያህል አቆዩት።

ውሃ ማብዛትም ያው ጣጣ አለው። ለ100 ግራም ፉርሽካ 100 ሚሊ ሊትር ይበቃል። በመዳፋችሁ ጨብጣችሁ ስትጨምቁት በጣቶቻችሁ መካከል እርጥበት ይታይ እንጂ ጠብ አይበል።

ሻጋታው አይነሳም፣ ወይም ዳሩ ነጭ ሆኖ መሐሉ ባዶ ነው

የመጀመሪያው ብርድ ነው። ሻጋታው 30 ዲግሪ ይፈልጋል፤ የአዲስ አበባ ሌሊት ደግሞ ከዚህ እጅግ ይርቃል። መብራት ሲጠፋ የኢንኩቤተሩን (የማሞቂያ ሳጥኑን) በር አትክፈቱ፣ በብርድ ልብስ ሸፍኑት። ሁለተኛው የሙቀት ብዛት ነው፤ ሻጋታው ራሱ ሙቀት ያመነጫል። የፉርሽካውን ውፍረት ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር አድርጉ።

ሻጋታው አምሯል፣ ኢንዛይሙ ግን የለም

ይህ ከሁሉ ያሳዝነኛል። ባለፈው ክረምት አንዲት ተማሪ እንደ ጥጥ የነጣ ትሪ ይዛ መጣች። ጭማቂውን ከስታርች ጋር አቆይተን አዮዲን ጠብ ስናደርግበት እንደ ቀለም ሰማያዊ ሆኖ ቀረ፤ ስታርቹ አልተሰባበረም ማለት ነው። «ጋሼ፣ ላበርታው ብዬ ስኳር ጨምሬበት ነበር» አለችኝ። የተዘጋጀ ስኳር ያገኘ ሻጋታ ስታርች ለመሰባበር ኢንዛይም አያመርትም። ስኳሩን ተዉት፣ ፉርሽካው ይበቃዋል፤ ጃፓናዊው ጆኪቺ ታካሚኔም እ.ኤ.አ. በ1894 የፈጠራ መብት ያገኘበትን ዲያስቴዝ (ስታርች የሚሰባብር ኢንዛይም) ያመረተው በስንዴ ፉርሽካ ላይ ነው። ስኳር ካልጨመራችሁ ደግሞ የማድረቂያውን ሙቀት ተመልከቱ፤ ኢንዛይሙን እንዳያጠፋው ከ40 ዲግሪ አይለፍ።

ቢጫ አረንጓዴ ሻጋታ ብቅ ብሏል

ይህን ለማዳን አትሞክሩ። አፍላቶክሲን የተባለውን መርዝ የሚያመርተው አስፐርጊለስ ፍላቨስ ሊሆን ይችላል። ማስክ አድርጉ፣ ክዳኑን ሳትከፍቱ እንዳለ ኦቶክሌቭ አድርጉትና አስወግዱት።