የድሮ የወደብ ፎቶ፦ ምጽዋ ነው ወይስ ሌላ?

ፎቶውን በ1200 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 1200 ነጥብ) ስካን አድርጉት፤ በስልክ የተነሣ ቅጂ የመርከብ ስም አያስነብብም። ጀርባውንም አትርሱ። በአማርኛ «1952» ተብሎ ከተጻፈበት በፈረንጆቹ 1959 ወይም 1960 ማለት ነው። ይህን የሳተ ሰው ፎቶውን ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ከተዋሐደችበት ከ1952 (እ.ኤ.አ.) ጋር ያያይዘዋል። በጣሊያን ፖስት ካርዶች ላይ ምጽዋ «ማሳዋ» ናት፣ በትግርኛ «ባጽዕ»።

ቀጥሎ ፎቶው ግራና ቀኙ እንዳልተገለበጠ በመርከብ ወይም በሱቅ ጽሑፍ አረጋግጡ። የመስታወት ኔጌቲቭ (ፎቶ የሚታተምበት የጥንቱ የመስታወት ፊልም) በተሳሳተ ፊቱ ሲታተም ፎቶው ይገለበጣል፤ ያኔ የቱም ካርታ አይገጥምም።

ዋናው ሥራ ተራራው ላይ ነው። መርከብ ይሄዳል፣ ክሬን ይነቀላል፣ የተራራ ጫፍ ግን ባለበት ነው። የጫፎቹን መስመር በስስ ወረቀት ገልብጡና በጉግል ኧርዝ ላይ እይታውን እስከ ሰው ቁመት አውርዳችሁ እያዞራችሁ አስተያዩ። ፎቶው ከመርከብ ላይ ከተነሣ አሥር ሜትር ያህል ከፍ በሉ። የቅርቡ ሕንፃ ጥግ ከሩቁ ጫፍ ጋር በትክክል የተነባበረበትን ቦታ ፈልጉ፤ በሁለቱ መካከል የተሰመረው መስመር ሲቀጥል ካሜራው ላይ ያልፋል። እንዲህ ያለ ሌላ ጥንድ ካገኛችሁ መስመሮቹ የሚገናኙበት ነጥብ ፎቶ አንሺው የቆመበት ነው።

በየመኗ ኤደን የሻምሳን ተራራ ወደቡ ላይ ተደፍቶ ይታያል። ጅቡቲ ከተማዋ ዝቅ ያለች ናት፤ የሱዳኗ ሱዋኪን ደግሞ ክብ ደሴት ነች። ምጽዋ ከሆነ በደቡብ በኩል ገደም ተራራን፣ በምዕራብ የደጋውን ግድግዳ ፈልጉ። ጭጋግ ተራራ ስለሚሰውር «ተራራ አይታይም» ማለት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ምጽዋን በ1921 (እ.ኤ.አ.) የመሬት መንቀጥቀጥ ክፉኛ ስላፈረሳት፣ ዛሬ የሌለ ሕንፃ ማየት ሊያስጥላት አይገባም።

ሰንደቅ ዓላማውን አጉልታችሁ እዩ። የጥንቱ ፊልም ቀይን ጥቁር፣ ሰማያዊን ነጭ አድርጎ ያወጣል። ስለዚህ የፈረንሳይ ባንዲራ ከምሰሶው ወገን ነጣ ብሎ ጫፉ ብቻ ይጠቁራል። የጣሊያኑ ግን ዳርና ዳሩ ጨለም፣ መሐሉ ነጭ ነው።

በጥላ አቅጣጫ ለማወቅ ስትሞክሩ ወሩን አስቡ፤ ምጽዋ ላይ ከሚያዝያ መጨረሻ እስከ ነሐሴ መጀመሪያ የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል።

ቢያንስ ሁለት የማይንቀሳቀሱ ነገሮች ካልገጠሙ የቦታውን ስም አትጻፉ። ከገጠሙ ጀርባው ላይ በለስላሳ እርሳስ ስሙን፣ ከሥሩም በምን እንደለያችሁት ጻፉ።