ኮሌራ ሲመለስ የጤና ተቋማት የሚደግሟቸው ስህተቶች

ኮሌራ ደጋግሞ በሚታይበት አካባቢ ወረርሽኙ ድንገተኛ እንግዳ አይደለም። ዝግጅቱ ግን ብዙ ጊዜ የሚጀመረው የመጀመሪያው ታካሚ በሸክም በር ላይ ከደረሰ በኋላ ነው።

የላቦራቶሪ ውጤት መጠበቅ። ዓይኑ የጎደጎደ፣ የሆዱ ቆዳ ሲቆነጠጥ ቶሎ የማይመለስ፣ የሩዝ እጥቢ የመሰለ ተቅማጥ የያዘው ሰው ጊዜ የለውም፤ በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ናሙናው ወረርሽኙን ለማረጋገጥ ይላክ፤ ሕክምናው በምልክቱ ይጀመር።

የተሳሳተ ፈሳሽ ማከማቸት። በደም ሥር የሚሰጠው "ፈሳሽ ሞልቷል" ይባልና ካርቶኑ ሲከፈት ግሉኮስ ብቻ ይገኛል። ባለ 5 በመቶ ግሉኮስ በተቅማጥ የወጣውን ጨው አይተካም። የሚያስፈልገው ሪንገር ላክቴት የተባለው ጨዋማ ፈሳሽ ነው፤ እሱ ከታጣ ኖርማል ሳላይን፣ ማለትም ተራው የጨው ፈሳሽ። ሰውነቱ ክፉኛ ለደረቀና ዕድሜው ከ1 ዓመት በላይ ለሆነ ታካሚ በኪሎ 100 ሚሊ ሊትር ይሰጣል፦ 30ው በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት፣ 70ው በቀጣዩ ሁለት ሰዓት ተኩል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በ3 ሰዓት 6 ሊትር ማለት ነው። ይህን ግድግዳው ላይ በትልቁ ጻፉት። አንድ ሌሊት ተረኛ ሳለሁ የታካሚው ከረጢት አልቆ የሚቀየር አጣን። መጋዘኑ ሙሉ ነበር፤ ቁልፉ ግን ቤቱ ከተኛ ሰው ኪስ ውስጥ ነበር። እባካችሁ፣ የቁልፉን ነገር ዛሬውኑ አስተካክሉ።

ኦአርኤስን (በውኃ ተበጥብጦ የሚጠጣውን የጨውና የስኳር ዱቄት) መናቅ። አብዛኛው ታካሚ በአፍ በሚወሰድ ፈሳሽ ብቻ ይድናል። ፓኬቱ ተከማችቶ የ1 ሊትር መለኪያና ኩባያ ግን ይረሳል፤ አስታማሚው በግምት ይበጠብጣል።

ለሁሉም አንድ ዓይነት ክሎሪን መጠቀም። ለእጅ 0.05፣ ለወለልና ለዕቃ 0.2፣ ለትውከት፣ ለሰገራና ለአስከሬን 2 በመቶ ነው። ባልዲዎቹ ካልተጻፈባቸው ጠንካራው እጅ ያቃጥላል፤ ደካማው ደግሞ ትውከቱ ላይ ይፈስና ተህዋሲውን ሳይገድል ይቀራል። ባለ 70 በመቶው የክሎሪን ዱቄት 30 ግራም በ1 ሊትር ውኃ ሲሟሟ 2 በመቶ ገደማ ይሰጣል። እርጥበት ያገኘው ዱቄት ኃይሉን ስለሚያጣ ክዳኑን አጥብቁ።

አልጋ ቆጥሮ ውኃ መርሳት። ለአንድ ታካሚ በቀን 60 ሊትር ይታሰባል። 20 አልጋ ያዘጋጀ ተቋም ለታካሚዎቹ ብቻ 1200 ሊትር ያስፈልገዋል፤ የአስታማሚው ሲታከል ይጨምራል። ቧንቧው ቢቋረጥ ከየት ይመጣል? በቦቴ ከሆነ ማን ይደውላል?

ሁሉንም መበተን። የመጨረሻው ታካሚ እንደወጣ ተቅማጡ ወደ ባልዲ እንዲወርድ መሐሉ የተቀደደው አልጋ ፍራሽ ተጥሎበት ሌላ ክፍል ይገባል፤ ባልዲዎቹ ለጽዳት፣ የክሎሪን መለኪያው ማንኪያ ወዳልታወቀ ቦታ ይሄዳል። በዚያው ሳምንት ቆጠራ አድርጉ፤ ዕቃውን ለብቻው ቆልፉ፤ ያለቀው በዚያው ይታዘዝ።